ላይኛዋ፣ ታችኛውና ወባው

እህቴና ባሏ ተጣልተው አያውቁም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ አያውቃቸውም ወይ ጆሮው ችግር አለበት። ተጣልተው ኖሩ ማለትም ልክ አይሆንም፤ ጠብ ሁለት ሰው ይፈልጋል። እህቴ ትናገራለች፣ እሱ ይሰማል። ትዳራቸው ይሄ ነበር። እኔ ታናሿ ነኝ፤ ከጎናቸው ባለችው ክፍል ነው የምኖረው፣ ግድግዳችን አንድ ነው። ሐሜት አልወድም። የምናገረው ያየሁትንና በግድግዳው በኩል ሳልፈልግ የሰማሁትን ብቻ ነው።

ሦስታችንም የኖርነው በብርቱካን ለቀማ ነው። የእርሻው ሠራተኛ እህቴን «ላይኛዋ»፣ ባሏን «ታችኛው» ይላቸዋል። በእኛ እርሻ መሰላል ለብቻ አይወጣም። ዛፎቹ አርጅተው ተንዠርግገዋል፣ መሬቱ መስኖ እየጠጣ ስለሚውል ለስላሳ ነው፣ መሰላሉ ባላሰቡት ሰዓት ይሰምጣል። ስለዚህ ሰው በጥንድ ነው የሚሠራው። አንዱ ከረጢቱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይወጣል፣ አንዱ ከታች መሰላሉን ይይዛል፣ የሞላውን ከረጢት ተቀብሎ ሳጥን ውስጥ ይገለብጣል። ሌላው ጥንድ ሲደክመው ይቀያየራል። እነሱ ግን አንድም ቀን ተቀያይረው አያውቁም፣ ምክንያቱም የእህቴ ባል ከፍታ ይፈራል። ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል እንኳ ወንበር ላይ የምትወጣው እህቴ ናት። እሱ ወንበሩን ይይዛል።

እህቴ ደግሞ መሰላል ላይ ካልወጣች ጨዋታ አይመጣላትም። ጠዋት የመጀመሪያዋን እርከን ስትረግጥ ትጀምራለች፣ ምሳ ሰዓት ስትወርድ ታቆማለች፣ ከምሳ በኋላ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ስለጎረቤታችን፣ ስለወንድማችን ሚስት፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ፣ በሕልሟ ስላየችው ነገር፣ ሁሉም ከላይ ይወርዳል። እሱ ሁለት እግሩን አንፈራጦ መሰላሉን ጥርቅም አድርጎ ይዞ፣ ቅጠልና ወሬ አንድ ላይ እየዘነበበት፣ «እ... እህ... አዬ» ይላል። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ወሬው አልቋል። እሷ ደክሟታል፣ እሱ ጠግቧል። እራታቸውን በልተው በሰላም ይተኛሉ። ይሄን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እነዚህ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ተነጋግረው አያውቁም። አያስፈልጋቸውም ነበር።

ከዚያ ማሽኑ መጣ።

ትራክተር ይመስላል፣ ከፊቱ ግን ረጅም ክንድ አለው። በክንዱ ግንዱን ጨምድዶ ይይዝና ያንቀጠቅጠዋል። ከሥር እንደ ጃንጥላ ተገልብጦ የሚዘረጋ ሸራ አለ፤ ፍሬው እሱ ላይ ይዘንባል። የእኛ ብርቱካን የሚሄደው ጭማቂ ፋብሪካ ስለሆነ ቢፈነከት የሚያዝንለት የለም። በመጀመሪያው ቀን ያንን የሚያህል ዛፍ ከግንዱ እስከ ጫፉ ሲንዘፈዘፍ ስናይ፣ አንዷ ለቃሚ «ኧረ ወባ ያዘው» አለች። የማሽኑ ስም ወባው ሆኖ ቀረ። ኃላፊው ራሱ፣ ማሽኑን ያስመጣው ሰው፣ ሳያስበው «ወባውን ወደ ታችኛው ረድፍ ውሰዱት» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ኃላፊው ወጣት ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ሲናገር ወረቀት የሚያነብ ይመስላል። ሰበሰበንና አንድ ነጂ እንደሚያሠለጥን፣ የቀረነው ደግሞ ቃራሚ እንደምንሆን ነገረን። ቃራሚ ማለት መሰላሉን ተሸክሞ ከማሽኑ ኋላ እየሄደ፣ ማሽኑ ሳያወርድ የተወውን የሚለቅም ሰው ነው። እህቴ ይሄን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። እሷ ከወረደችበት ዛፍ ላይ ወፍ እንኳ ቁርስ አታገኝም ይባላል፤ እንዲያ የምትባል ሴት የማሽን ትራፊ ልትለቅም ነው።

«መንዳት የሚፈልግ አለ?» አለ ኃላፊው።

እጁን ያነሳው ታችኛው ነው። እኔ ዝንብ ሊያባርር መስሎኝ ነበር። እህቴ ዞር ብላ እጁን ስታየው፣ የሌላ ሰው እጅ ኪሷ ውስጥ ያገኘች ነው የመሰለችው።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«መቀመጫው ዝቅ ያለ ነው» አላት።

እውነቱን ነው፣ ምክንያቱ ይሄው ብቻ ነበር። ዕድሜ ልኩን ቀና ብሎ የኖረ ሰው፣ ቁጭ ብሎ የሚሠራው ሥራ ሲያገኝ ደስ አለው። እሷ ግን እንደዚያ አልወሰደችውም። እኔን ከላይ ሰቅሎ ጥሎኝ ሄደ ነው ያለችው። ሠልጥኖ ማሽኑ ላይ ሲወጣ የጆሮ መከላከያ ሰጡት፣ ሁለት ትልልቅ ቆብ የመሰለ ነገር። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው። እህቴ ከመሰላል ላይ ስትጮህ እሱ አይሰማም፣ ማሽኑ ይጮሃል፣ ጆሮው ተደፍኗል፣ ጀርባውን ሰጥቷት ወደፊት ይሄዳል። መሰላሉን የምይዘው እኔ ሆንኩ። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፣ መልስ እሰጣለሁ። እህቴ መልስ አትወድም።

«ያቺ የወንድማችን ሚስት እኮ...» ትጀምራለች።

«እሷስ ምን አደረገች? ወንድማችን ነው እንጂ» እላለሁ።

«አንቺ መሰላሉን ያዢ» ትለኛለች፣ ወሬው እዚያው ይሞታል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ቀኑን ሙሉ ወሬዋን ሆዷ ውስጥ አጉራ ቤት ትገባለች። ቤት ደግሞ መናገር አልለመደችም። እሱም መጀመር አያውቅበትም። እህቴ አኩርፌያለሁ ብላ ታስባለች፣ እሱም አኩርፋለች ብሎ ፈርቶ ይቀመጣል። በግድግዳው በኩል የምሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እራት ጠርተውኝ ሄድኩ። እህቴ «ጨው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂው» አለችኝ። ግራ ገባኝ፤ እሱ አጠገቧ ተቀምጧል፣ ጨው የያዘችውም ራሷ ናት። ተነሥቼ ጨውን ከእጇ ወስጄ ለእሱ ሰጠሁት። እሱ አመሰገነኝ። በሰውየው ፊት ላይ ያየሁት ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። የሚያናግረው ያጣ ሰው ፊት ነበር።

በዚህ መሀል ሌላ ጉድ መጣ። ታችኛው የሚነዳው ማሽን ፍሬ ያስቀራል። ትንሽ አይደለም፣ ዛፉ ጫፍ ላይ ጥሩ ጥሩው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ማሽኑን ያመጣው መካኒክ በመጀመሪያው ቀን ሲያሳየን ዛፉ ጥርግ ብሎ ነበር የወጣው፣ ሁላችንም አይተናል። እህቴ ይሄን ስታይ እፍረቷ ከኩርፊያዋ በለጠ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ታወራለች።

«ተመልከቱልኝ። ወባ እንኳ እሱ እጅ ሲገባ ይድናል።»

ቃራሚዎቹ ይስቃሉ። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ከረጢታችን በቀን በቀን ይሞላ ነበር፤ ሥራ አላጣንም። ይሄን ማንም ልብ አላለውም።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ፊቱን ሲታጠብ አገኘሁትና ያዝኩት።

«ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታስቀረው? እህቴ እኮ አገር ምድሩን ስቃ አሳቀችብህ።»

ግራና ቀኙን አየ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እሱ ለመናገር ሲዘጋጅ መሰላል ሊወጣ የተዘጋጀ ይመስላል።

«ሥልጠናው ላይ የነገሩን ነገር አለ» አለኝ። «ዛፉ ጠርቶ ከወጣ ቃራሚ አያስፈልግም። ኃላፊው ማሽኑ ምን ያህል እንደሚያስቀር እያየ ነው። የሚያስቀረው ትንሽ ከሆነ ሁላችሁንም ያሰናብታችኋል። አንቺንም፣ እሷንም። ስለዚህ እጄን ከማሽኑ መያዣ ላይ ትንሽ ቀደም ብዬ አነሳለሁ።»

«ታዲያ ንገራታ» አልኩት።

«ለእሷ? ከመሰላል ላይ ሆና ለእርሻው ሁሉ ትናገረዋለች። ኃላፊው ቢሮው ተቀምጦ ይሰማዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

እውነቱን ነው። የእህቴ ድምፅ አጥር አያግደውም። አልናገርም ብዬ ማልኩለት። መማሌ ቀላል ነበር፤ መቻሉ ነው የገደለኝ። እሷ ላይ ሆና ስትሰድበው፣ እኔ ታች ሆኜ ምላሴን እየዋጥኩ መሰላል እይዛለሁ። ብነግራት ሁላችንም እንባረራለን። ባልነግራት ደግሞ ያ ምስኪን ሰውዬ ለእሷ ብሎ የሚሠራው ሥራ በእሷው አፍ እየተተፋበት ነው። ሁለት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ በሳል አሳለፍኩት፤ እህቴ ማር በሎሚ ጠጪ ብላ መከረችኝ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ከመሰላሉ ወረደች፣ ገና ለምሳ ሳይደርስ። ከረጢቷን ከአንገቷ አወለቀች፣ የራስ ጨርቋን አጥብቃ አሰረች።

«ወዴት ነው?» አልኳት።

«ቢሮ። ማሽኑን ለእኔ ይስጡኝ። ከዚህ በላይ ሲያዋርደኝ ቁጭ ብዬ አላይም።»

«እቴቴ፣ ተይ። ባልሽ ነው።»

«ባሌ ስለሆነ ነው የምሄደው። የሌላ ሰው ባል ቢሆን ምን አገባኝ?»

ክንዷን ያዝኩ። ሆዴን አመመኝ አልኩ። ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ትንሽም አቃሰትኩ። «ተነሽ፣ ልብስሽን ጭቃ አታስነኪው» ብላኝ በላዬ ተራምዳ ሄደች። በሩጫ ተከተልኳት፣ ሆዴ ወዲያው ዳነ።

ቢሮው በር ላይ ቆማ ሁሉንም ዘረገፈችው። ማሽኑ ምንም እንዳልሆነ፣ ጥፋቱ የነጂው እንደሆነ፣ ዛፉን ገና ሳይሞቀው እንደሚለቀው፣ እሷ ብትነዳው አንድ ፍሬ እንደማይተርፍ። ኃላፊው ብዕሩን አስቀመጠና ቀና አለ።

«እኔ እኮ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ መካኒክ ልጠራ ነበር» አላት። «እናመሰግናለን እናቴ። አሁን ወርደን እንየው።»

እናቴ ስትባል ደስ አላት። እኔ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ሁሉም ሥራውን ትቶ መጣ። ታችኛው መቀመጫው ላይ ነው፣ ያንን የጆሮ ቆቡን ገልበጥ አድርጎ የሆነውን ለመረዳት ይሞክራል። ኃላፊው አንድ ትልቅ፣ ፍሬው የከበደበት ዛፍ መረጠ።

«እኔ በቃ እስክል ድረስ አይልቀቁት» አለው።

ታችኛው ወደ እኔ አየ። እኔ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ፣ አልተናገርኩም ለማለት። ወደ እህቴ አየ። እህቴ እጇን አጣምራ ቆማለች። የማሽኑን ክንድ ወደ ግንዱ አስጠጋ፣ ያዘው፣ ማንቀጥቀጥ ጀመረ። እንደልማዱ ፍሬው ዘነበ፣ እንደልማዱ እጁ ሊነሳ ሲል ኃላፊው «ይቀጥሉ» አለ። ቀጠለ። ከላይ ጫፉ ላይ ያሉት አንድ ሁለት እያሉ መውረድ ጀመሩ፣ ከዚያ ሁሉም። «በቃ» ሲባል ማሽኑ ዝም አለ። ዛፉ ላይ ቅጠል ብቻ ነበር።

እህቴ መጀመሪያ ፊቷ በራ። ወደ ሰው ዞራ «አያችሁ? ይችላል እኮ» አለች፣ ኩራት በኩራት ሆና። ሰውየው ቀሽም ባለመሆኑ ከልቧ ነው ደስ ያላት። ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። እህቴ አፏ ይቅደም እንጂ አእምሮዋ ሰነፍ አይደለም። ከዛፉ ሥር ሄዳ ቀና ብላ አየች። ዞራ እኛን አየች፤ ባዶ ከረጢታችንን አንገታችን ላይ አድርገን መሰላላችንን ይዘን ቆመናል። የምንለቅመው ግን የለም። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

ኃላፊው «ይችላሉ» አለ ለታችኛው። «እስከዛሬ ታዲያ ለምን ያስቀሩ ነበር?»

ታችኛው የጆሮ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«የምትለቅመው እንዳታጣ ነው» አለ።

«ማን?»

«ሚስቴ።»

እህቴ ወደ ማሽኑ ተጠጋች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አኩርፈሽ ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከዚያ በፊት የምትናገሪው አንቺ ነበርሽ» አላት፣ ያለ ምንም ተንኮል፣ ሰዓት እንደሚነግር ሰው።

ሰው ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። ኃላፊው ፊቱን አዞረ፣ ትከሻው ሲነቃነቅ አይቻለሁ። እህቴ ግን አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። እንባዋ ወረደ። እህቴ ስታለቅስ ያየሁት አባታችን ሲቀበር ነው፣ ከዚያ ወዲህ ይሄ ነው። እኔም ሁሉንም እያወቅሁ መክረሜ ቆጨኝና ከእሷ ብሼ አለቀስኩ።

ኃላፊው እንዳልኩት ክፉ አይደለም፣ ግን ሥራው ነው። ቃራሚዎች እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እንደሚሠሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን እንደማያስፈልጉ ነገረን። አንገቱን ደፍቶ ነው የነገረን። ለታችኛው ደግሞ፣

«እርስዎ ይቆያሉ» አለው። «እጅዎ ጥሩ ነው። ከአሁን በኋላ ግን እንዲህ እንደዛሬው ነው የምንሠራው።»

ታችኛው ቀስ ብሎ ወረደ፣ እግሩ መሬት መንካቱን አረጋገጠ፣ የማሽኑን ቁልፍ ለኃላፊው ዘረጋለት።

«ሌላ ሥራ አለኝ» አለው።

«የት?»

«እሷ የምትሄድበት።»

እህቴ እንባዋን ሳታብስ ቁጣው መጣላት። ከእርሻው በር ጀምሮ እስከ ቤታችን ድረስ አወረደችበት። አንተ እብድ፣ ሥራ እንዲህ ይወረወራል ወይ፣ የተቀመጥክበትን ወንበር ማን ይሰጥሃል ብለህ ነው፣ በዚህ ዕድሜህ ምን ልትሠራ ነው፣ እያለች። አላፊ አግዳሚው ዞሮ ያያል። እሱ የራሳችንን መሰላል በትከሻው ተሸክሞ ከጎኗ ይሄዳል፣ «እ... እህ... አዬ» ይላል፣ ፊቱ ጸሐይ እንደወጣበት ሜዳ ሆኗል። ስንት ወር ሙሉ የተጠማውን እየጠጣ ነበር። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ፣ ሥራዬ በሳምንቱ መጨረሻ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደምበላ አላውቅም፣ ግን እስቃለሁ።

ሥራ ለጥቂት ሳምንት አጣን፣ ከዚያ የአንዲት ባልቴት ሎሚ እርሻ ላይ ተቀጠርን፣ ሦስታችንም። ሎሚው ልጣጩ ሳይጎዳ ገበያ የሚወጣ ስለሆነ በመቀስ ካልተቆረጠ አይሆንም፣ ወባ አይገባበትም። እሾሁ ክፉ ነው። ዛፉ ግን አጭር ነው፤ መሬት ላይ ቆመህ ጫፉ ድረስ ትደርሳለህ።

በመጀመሪያው ጠዋት እህቴ ዛፉ ፊት ለፊት ቆማ ግራ ገባት። የምትወጣበት የለም። እሱ የሚይዘው የለም። ባልቴቷ ለእሱም መቀስ ሰጠችውና ከዛፉ ወዲያ ማዶ ቆመ። በቅጠሉ መሀል ፊት ለፊት ተያዩ። እንደ ሙሽሮች አፈሩ፣ እግዜር ያሳያችሁ። እህቴ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እንደምንም ጀመረች።

«ያቺ የወንድማችን ሚስት እኮ...»

«አይ» አለ እሱ ከማዶ። «እሷ እንኳ እንደምትዪው አይደለችም።»

እህቴ መቀሷን እንደከፈተች ቀረች። እኔ ነገር መጣ ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ሎሚውን እየቆረጠ ቀጠለ። የወንድማችን ሚስት ከብዙ ዓመት በፊት ስላደረገችው ደግ ነገር አነሳ፤ እህቴ ራሷ ከመሰላል ላይ ነግራው የረሳችውን። ስለጎረቤታችን፣ ስለጣሪያው፣ ስለሕልሞቿ ሁሉ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ያ ሁሉ ዓመት የወረደበት አንድም አልፈሰሰም፣ ሁሉንም ይዞት ነበር። ዝም ያለው ላይ ላለ ሰው ጮሆ መመለስ ስለማይችል ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሎሚ እርሻው ሰላም የለውም። ይከራከራሉ፣ ያከራክራሉ፣ ምሳ ሰዓት እንኳ አያቆሙም። ቤት ገብተውም ይቀጥላሉ፣ ግድግዳዬ አላስተኛኝ አለ። እህቴ «ይሄ ሰውዬ እኮ አይጠግብም፣ አፉን ማን ከፈተብኝ» ብላ ለእኔ ታማርራለች፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማታለሁ፣ መልስ አለመስጠት ተምሬያለሁ። ዛሬ ጠዋት ሥራ ስንጀምር ግን አንድ ነገር አየሁ። መቀሷን ይዛ፣ ዛፉ ፊት ቆማ፣ ምንም ሳትናገር በቅጠሉ መሀል ታየዋለች።

«ምነው?» አላት።

«ምንም» አለችው። «ዛሬ አንተ ጀምር።»